የተበየደ ዳዶ ለምን ይገነጠላል? ቡሎንስ ለምን አልቀበል ይላል?

ከሐረር የጻፉልኝ አንባቢ ያረጀ ፒክአፓቸውን በራሳቸው እጅ እያደሱ ነው። ከ40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ሆዱ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) የዕቃ መጫኛ ማዕቀፍ ሠርተው ከኋላው ሣጥን ጋር በቡሎን እንዲታሰር ስለፈለጉ፣ በአራቱ እግሮች የታችኛው አፍ ላይ አንዳንድ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ዳዶ (ቡሎን የሚታሰርበት ውስጡ ባለ ጥርስ ብረት) በየዱ። ቡሎኑ ከሣጥኑ ጠርዝ ሥር ገብቶ ወደ ላይ እየተሽከረከረ ዳዶው ውስጥ ይጠብቃል። ከብየዳው በኋላ ግን ሁለቱ ዳዶዎች ቡሎን አልቀበል አሉ፤ በቁልፍ አስገድደው ካስገቧቸው አንዱ ደግሞ ድንች በጆንያ ጭነው ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ደንገጎ ላይ ከነብየዳው ተገንጥሎ አገኙት። ጥያቄያቸው «ጠንካራ ኤሌክትሮድ ልግዛ ወይስ ወፍራም ዳዶ ልፈልግ?» የሚል ነው።

ሁለቱንም አይግዙ። የላኩት ፎቶግራፍ እንደሚያሳየው ጥፋቱ ከዕቃው ይልቅ ዳዶው ከተቀመጠበት ቦታ ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ዳዶውን ወደ ታች፣ ማለትም ከእግሩ ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ስለዚህ ጭነቱን ሁሉ የተሸከመው በዳዶው ዙሪያ ያለው ቀጭን የብየዳ መስመር ብቻ ነበር። ሙያውን ያስተማሩኝ በድሮው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ያረጁ ሰው ነበሩ፤ የበየድነውን ሁሉ ሲመረምሩ «ብየዳው ባይኖር ይህን ዕቃ ምን ይይዘዋል?» ብለው ይጠይቁን ነበር። የእርስዎን ዳዶ የሚይዘው ምንም ነገር አልነበረም። ዳዶው ቡሎኑ ከሚገባበት ፊት በተቃራኒ፣ ከአንድ ላሜራ (ጠፍጣፋ ብረት) ጀርባ ቢቀመጥ ግን ቡሎኑ በጠበቀ ቁጥር ዳዶው ወደ ላሜራው ይጫናል፤ ጭነቱን የሚሸከመው ላሜራው ይሆንና ለብየዳው የሚቀረው ሥራ ዳዶው እንዳይሽከረከር መያዝ ብቻ ነው።

በቱቦላሬው ሆድ ውስጥ እጅ ስለማይገባ ይህን እግሩ ላይ በቀጥታ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ የእግሩን አፍ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ዘግተው፣ ላሜራው ከእግሩ ግራና ቀኝ ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር እንዲወጣ ያድርጉ፤ በሁለቱም ክንፎች ላይ በ11 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) ይብሱና ዳዶዎቹን በላይኛው ፊት ላይ ይበይዱ። በአንድ እግር አንድ ሳይሆን ሁለት ቡሎን ይሆንልዎታል ማለት ነው። የሣጥኑ ጠርዝ ራሱ ስስ ቆርቆሮ በመሆኑ ከሥሩ ትንሽ ራንዴላ (ከቡሎን ሥር የሚገባ ቀለበት) ብቻ ማድረግ አይበቃም፤ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ በመዳፍ ስፋት ቆርጠው ካልደገፉት በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀደደው እሱ ነው።

ቡሎኑ የግድ በቱቦላሬው ግድግዳ ላይ መታሰር ያለበት ቦታ ሲያጋጥም፣ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ላይ ዳዶ መለጠፍ ትርፉ ድካም ነው፤ ግድግዳው ራሱ እየተወዛወዘ በብየዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል። በዚያ ጊዜ ቶርኖ ቤት ሄደው ባለ 20 ሚሊ ሜትር ክብ ለስላሳ ብረት በቱቦላሬው ስፋት ልክ ያስቆርጡና መሃሉን በ8.5 ፑንታ አስበስተው ጥርስ ያስወጡለት። ከዚያ ሁለቱን ግድግዳዎች በስቶ እንዲያልፍ አድርገው በሁለቱም በኩል ዙሪያውን ይበይዱት። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦላሬው አይጨፈለቅም፣ ጭነቱም ለሁለት ግድግዳ ይከፈላል። ዋጋው ከዳዶ በብዙ ይበልጣል፤ እኔ ግን በዚህ ላይ ያወጣሁትን ገንዘብ ቆጥቤው ቢሆን ብዬ ተጸጽቼ አላውቅም።

አሁን ቡሎን አልቀበል ወዳሉት ሁለቱ ልምጣ። በፎቶግራፉ ላይ ብየዳው እንደ ሰፍነግ የተበሳሳና ዙሪያው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ነው፤ ይህ ዳዶዎቹ ዚንክ የተቀቡ እንደነበሩ ይመሰክራል። ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ዚንክ ግን በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ስለዚህ ብረቱ ገና ሲቀልጥ ዚንኩ በጋዝ መልክ እየፈነዳ ብየዳውን ይበሳሳል፣ ፍንጣሪውም ጥርሱ ላይ ይለጠፋል። ጭሱን የሳበ ሰው ማምሻውን እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ብዙ በያጆች ወተት ጠጥተው ነገሩን የጨረሱ ይመስላቸዋል፤ ወተቱ ሆድ ይገባል እንጂ ሳንባ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ዚንኩን አስቀድመው በሞረድ ወይም በግራይንደር ከውጪ ፊቶቹ አንስተው ብረቱ እስኪያበራ ያጽዱት፣ አየር በሚንሸራሸርበት ቦታም ይሥሩ።

ዳዶ ሲመርጡ «ከጠነከረ ይሻላል» አይበሉ። ፊቱ ላይ 10 ቁጥር (መጠኑን ሳይሆን የጥንካሬ ደረጃውን የሚያሳይ) የተመታበት ዳዶ በሙቀት ተጠናክሮ የተሠራ በመሆኑ የብየዳ እሳት ጥንካሬውን ያበላሸዋል፤ ሲቀዘቅዝም በብየዳው ዳር ሊሰነጠቅ ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ካርቦኑ ያነሰ ለስላሳ ብረት ነው። ለብየዳ ተብለው የሚሠሩ ዳዶዎችም አሉ፤ በአንድ ፊታቸው ሦስት ትናንሽ እግሮች ስላሏቸው ይታወቃሉ። እግሮቹ የተሠሩት ፋብሪካ ውስጥ በኃይለኛ ኤሌክትሪክና ግፊት በአንድ ጊዜ እንዲጣበቁ ቢሆንም፣ ካገኟቸው በኤሌክትሮድም ይሆናሉ።

በግድ ያስገቡት ቡሎን ነገር ሌላ ጥርጣሬ አሳድሮብኛል። የጃፓን መኪናዎች ባለ 10 ቡሎን አብዛኛውን ጊዜ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሱቅ የሚገዛው ተራ ባለ 10 ዳዶ ግን 1.5 ነው። ሁለቱ ለአንድ ዙር ያህል ተግባብተው ከዚያ ይጣላሉ። ከመበየድዎ በፊት ቡሎኑን በጣትዎ ብቻ እስከ መጨረሻው አሽከርክረው ይሞክሩት።

ሲበይዱ ዳዶውን በቀዳዳው ላይ በአሮጌ፣ ዚንክ ባልተቀባ ቡሎን ለስለስ አድርገው ያስሩት። ቡሎኑ መሃሉን ይጠብቃል፣ ጥርሱንም ከፍንጣሪ ይሸፍናል። ቅባት አይቀቡት፤ ተቃጥሎ ብየዳውን ያበላሻል። 3.2 ኤሌክትሮድ እንደተጠቀሙ ጽፈዋል፤ ለዚህ ዳዶ እሳቱ ይበዛል። 6013 የሚባለው ዓይነት ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በ70 እና በ80 አምፔር መካከል ይበቃል። ከስድስቱ ፊቶች በሦስቱ ላይ፣ አንዱን እየዘለሉ፣ ነጥብ ብቻ ይምቱና እጅዎን ቢያስጠጉ ሙቀቱን እስከሚችሉት ድረስ እንዲቀዘቅዝ ይታገሱ፤ ከዚያ በእነዚሁ ሦስት ፊቶች ላይ አጭር መስመር ይስጡ። ዙሪያውን ሳያቋርጡ መበየድ ዳዶውን ያጣምመዋል እንጂ አያጠነክረውም። ውሃ አይድፉበት፤ በራሱ ይቀዝቅዝ፣ ቡሎኑም ከዚያ በኋላ ይፈታ። ጥርሱን ዘይት ባስነካ ጥርስ ማውጫ ማጽዳት ይቻላል፤ መሣሪያው ብረት መቁረጥ ከጀመረ ግን ዳዶው ስለተጣመመ በግራይንደር አንስተው ሌላ ይተኩ።

ሥራውን መኪናው ላይ ከሆነ የሚሠሩት፣ አስቀድመው የባትሪውን ገመድ ይንቀሉ፤ የብየዳ ማሽኑን መሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ያስሩ፤ ከሣጥኑ ሥር የነዳጅ ጋን ወይም ቧንቧ አለመኖሩን ጎንበስ ብለው በዓይንዎ ይዩ።

በደብዳቤዎ መጨረሻ በዚሁ ዘዴ የኋላ መቀመጫና የደህንነት ቀበቶ ማሰር ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ለቀበቶ አልመክርም። የአብዛኞቹ መኪናዎች የቀበቶ ቡሎን ጥርሱ በኢንች የሚለካ፣ 7/16 ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ ያለው ነው፤ ባለ 12 ዳዶ ለእሱ አይሆንም። ከሁሉም በላይ ቀበቶው የታሰረበት ቦታ መኪና ሲጋጭ ሰው የሚንጠለጠልበት ስለሆነ፣ ፋብሪካው ያጠናከረውን ቦታ ፈልገው እሱን ይጠቀሙ።

አዲሶቹን እግሮች ሲገጥሙ 8.8 (የጥንካሬ ደረጃው) የተጻፈበት ባለ 10 ቡሎን እስከ 45 ኒውተን ሜትር ገደማ ያጥብቁ። ከዚያ በቡሎኑ ጭንቅላትና በላሜራው ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር በቀለም ያስምሩ፤ ከሐረር ድሬዳዋ በወረዱ ቁጥር መስመሩ ተሰብሮ እንደሆነ ከሩቅ ያዩታል።