መልስ፦ የኬጂ ልጅ ማንበብ አለባት ወይ?

እህቴ፣ ልጅሽ ደሴ ውስጥ ኬጂ ልትገባ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ማንበብ አለባት ወይ ብለሻል። የለባትም። የኬጂ ግብ ሌላ ነው፦ ተራ መጠበቅ፣ የፈለገችውን መናገር፣ እጇን ማፍታታት። ቆርኪ እየደረደረች እስከ አምስት ስትቆጥር ሒሳብ እየተማረች ነው። ጣቷ ሳይጠና ደብተር ሙሉ ሀ ሁ ማስገልበጥ ግን ግፍ ነው።

ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ስነ ጥበብ፣ ስፖርትና ግብረ ገብ ይጠብቋታል። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከተማ ከሚሴ ብትሆኑ ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ይሆን ነበር። አካባቢ ሳይንስን አደራ አትናቂው! የጦሳን ተራራ እያየች "ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ለምን ይወርዳል?" ብላ ከጠየቀችሽ ትምህርቱ ገብቷታል ማለት ነው።

ለምዝገባ ስትሄጂ ክፍሉ ውስጥ ግቢና እዪ። ልጆች የሚነኩት፣ የሚደረድሩት ነገር ከሌለ ሌላ ቦታ ፈልጊ።