ቤሪሊየም ላይ ሙያ ልመሥርት?

ጠያቂዬ አዳማ ውስጥ የኬሚካል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። «ሻኪሶ አካባቢ ኤመራልድ ይወጣል፤ ኤመራልድ ውስጥ ቤሪሊየም አለ። ቤሪሊየምን ከማዕድን ማውጣት ላይ ሙያዬን ብመሠርት ያዋጣኛል ወይ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ቤሪሊየም ላይ ብቻ አትንጠልጠል። ማዕድንን በኬሚካል አሟሙቶ የሚፈለገውን መለየት ላይ አተኩር፤ ሃይድሮሜታለርጂ የሚሉት ላይ።

ኤመራልድ ቤሪሊየም የያዘው የቤሪል ማዕድን ዓይነት መሆኑ እውነት ነው። ግን በጌጥነቱ የሚሸጥን ድንጋይ ማንም ምድጃ ውስጥ አይጨምረውም። የቤሪሊየም ማዕድን በማቀነባበር የሚታወቁት ደግሞ አሜሪካ፣ ካዛኪስታንና ቻይና ናቸው። የሥራ ቦታው ጥቂት ነው። ለጦር መሣሪያና ለኒውክሌር ሥራም ስለሚውል ለውጭ ዜጋ በሩ ይበልጥ ይጠባል።

ሂደቱን ግን አጥናው፣ ብዙ ታተርፍበታለህ። ዩታ ውስጥ ስፖር ተራራ ላይ የሚቆፈረው፣ በርትራንዳይት የሚባል የቤሪሊየም ማዕድን ያለበት ድንጋይ የያዘው ቤሪሊየም 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ተፈጭቶ በሙቅ ሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል። ቤሪል የተሻለ ቤሪሊየም ቢኖረውም አሲድ እንዲሁ አይበግረውም። መጀመሪያ 1,650 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ተደፍቶ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል፣ አሲዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የማዕድኑ ሀብታምነት ብቻውን አያዋጣም። በቀላሉ መሟሟቱም ዋጋ አለው።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከኬሮሲን ጋር የተቀላቀለ ኦርጋኒክ ፈሳሽ ቤሪሊየሙን ከአሲዱ ውስጥ ይስበዋል። ያንን ኦርጋኒክ ፈሳሽ ውሃ ውስጥ በሟሟ አሞኒየም ካርቦኔት ሲያጥቡት ቤሪሊየሙ ወደ ውሃው ይሻገራል። ይህ ውሃ መጠነኛ ሲሞቅ አብረው የመጡት ብረትና አሉሚኒየም ይዘቅጣሉ፤ ተጣርተው ይወጣሉ። ሙቀቱ ሲጨምር ቤሪሊየሙ ራሱ ይዘቅጣል፣ በመጨረሻም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ሃይድሮክሳይዱ ወደ ፍሎራይድ ተቀይሮ ማግኒዢየም ሲጨመርበት ንጹሑ ቤሪሊየም ይገኛል።

የመሳቡና የማጠቡ ዘዴ ሶልቨንት ኤክስትራክሽን ይባላል። የዛምቢያና የኮንጎ መዳብ፣ ዩራኒየም፣ ታንታለምም በዚሁ ዘዴ ይለያሉ። የቀንጢቻ ታንታለም ወደ ውጭ ሲላክ የኖረው ሳይጣራ፣ በኮንሰንትሬት መልክ ነው። እዚህ አገር ውስጥ የሚያጣራ ባለሙያ ቢኖር ምን ያህል እንደሚጠቅም አንተው አስበው።

አንድ ነገር አደራ። የቤሪሊየም ብናኝ ሲተነፍሱት ሳንባን ይጎዳል፤ ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ካንሰርም ያስከትላል። የአሜሪካ ሕግ በ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቅደው አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.2 ማይክሮግራም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ካገኘህ ከደመወዙ በፊት የአየር ልኬቱን ጠይቅ። ሰውነት ለቤሪሊየም መቆጣት መጀመሩን የሚያሳየው የደም ምርመራ በየጊዜው ይደረግ እንደሆነም ጠይቅ። የሚያፍሩበት ጥያቄ አይደለም።

ለመመረቂያ ሥራህ ቤሪሊየምን አትንካ። ዘዴውን በመዳብ ሞክረው፤ አማካሪህንም ከአሁኑ አነጋግር።