ጆሮዬ ነው ወይስ ስልኬ?

ጥያቄ፦ የሮክ ባንዱን የፒንክ ፍሎይድን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም (እ.ኤ.አ. 1973) በአባቴ ካሴት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አሁን ስልኬ ላይ በኤምፒ ስሪ ስከፍተው በዘፈኖቹ መሃል ቅጽበታዊ ዝምታ አለች። ጆሮዬ ነው?
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አቦ፣ ጆሮዎ ደህና ነው! ኤምፒ ስሪ ድምፁን ሲጨምቅ የፋይሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ይጨምራል። ማጫወቻው ካልቆረጣት ትሰማለች። እዚህ አልበም ላይ ደግሞ አብዛኞቹ ዘፈኖች አንዱ ካንዱ የተያያዙ ናቸው፤ ስለዚህ ትጎላለች። (ካሴቱን መሃል ላይ የሚገለብጡባትን ዝምታ ግን ረሷት እንዴ?)

ከሲዲ የተገለበጠ ፍላክ (FLAC የሚባለውን የድምፅ ፋይል ዓይነት) ይሞክሩ። ከድምፁ ምንም አይጥልም፤ ፋይሉ ግን ይከብዳል። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት (የመረጃ መጠን መለኪያ) ነው፤ የኤምፒ ስሪ ትልቁ 320። እኔ ታይዋን ሰፈር በገዛኋት ርካሽ ማዳመጫ ፍላኩንና 320ውን እያቀያየርኩ ሰማሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ አልለየኋቸውም። ባለ 128 ኪሎቢቱን ኤምፒ ስሪ ግን ወዲያው ያዝኩት፤ ሲምባሉ (ከከበሮዎቹ ጋር የሚመታው የብረት ሳህን) ውሃ የገባበት ይመስላል።

ካሴቱን አይጣሉት። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ብቻ እንዳይተዉት፤ የኔው በድሬ ሙቀት ተጣሞ ቀርቷል።