የሸክላዬ ድምፅ ለምን ደከመ?

ጥያቄ፦ የሸክላ ማጫወቻዬ ላይ የነበረውን ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ ካርትሪጅ (መርፌውን የያዘውን ክፍል) አውጥቼ ዴኖን ዲኤል-103 ገጠምኩ። ፎኖ ስቴጄ (የካርትሪጁን ደካማ ሲግናል መጀመሪያ የሚያጎላው ዕቃ) ለኤምኤም፣ ማለትም ማግኔቱ ለሚንቀሳቀስ ካርትሪጅ፣ ብቻ የተሠራ ነው፣ 40 ዴሲቤል ያጎላል። ፕሪአምፔ (ቮልዩሙ ያለበት) የቲዩብ ነው፣ የመውጫው ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ ያለው ተቃውሞ) 2,000 ኦም። ፓወር አምፔ (ስፒከሮቹን የሚነዳው) ትራንዚስተር ነው፣ መግቢያው 10,000 ኦም። አሁን ቮልዩሙን እስከ ጥግ ካላዞርኩ ሙዚቃው አይሰማም። ሳዞረው ደግሞ እሽሽ የሚል ድምፅ ይመጣል። ቤዙም ቀጭን ሆኗል። ሲዲ ስከፍት ግን ድምፁ ከበቂ በላይ ነው። ጓደኞቼ ጉልበት ያለው ፓወር አምፕ ግዛ ይሉኛል። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ሲዲው በደንብ ከጮኸ ፓወር አምፑ ጉልበት አላነሰውም። ችግሩ የሚጀምረው መርፌው ጋ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። የድሮው ካርትሪጅዎ በመደበኛው መለኪያ 5.5 ሚሊቮልት ይሰጣል። 40 ዴሲቤል ማለት መቶ እጥፍ ነው። ስለዚህ ፕሪአምፑ 550 ሚሊቮልት ይደርሰው ነበር። ዲኤል-103 ግን ኤምሲ (በማግኔቱ ፋንታ የሽቦ ጥቅሉ የሚንቀሳቀስበት) ነው፤ የሚሰጠው 0.3 ሚሊቮልት ብቻ ነው። በመቶ ሲባዛ 30 ሚሊቮልት ይሆናል። ሲዲ ማጫወቻ በሙሉ ድምፁ 2,000 ሚሊቮልት ገደማ ያወጣል። ልዩነቱን ያዩታል። ቮልዩሙን ሲያዞሩ ከደከመው ሙዚቃ ጋር የፎኖ ስቴጁንም እሽሽታ አብረው ያሳድጋሉ። አዲስ ፓወር አምፕ ይህን አይቀይረውም።

አንዱ መፍትሔ ኤምሲ የሚቀበል ፎኖ ስቴጅ መግዛት ነው። 60 ዴሲቤል የሚያጎላ ከሆነ ሺህ እጥፍ ነው፣ 300 ሚሊቮልት ያገኛሉ። ይበቃል።

እኔ ግን ያለዎትን ፎኖ ስቴጅ ከወደዱት አይጣሉት እላለሁ። ከፊቱ ስቴፕ-አፕ ትራንስፎርመር (ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ዕቃ) ያስገቡ። 1 ለ 10 የሆነው 0.3ቱን ወደ 3 ሚሊቮልት የሚጠጋ ያደርገዋል፤ ይህ ደግሞ ፎኖ ስቴጅዎ የለመደው መጠን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ትራንስፎርመሩ የፎኖ ስቴጁን 47,000 ኦም በ10 ሳይሆን በ10 ሲባዛ 10፣ ማለትም በ100 ያካፍለዋል። ካርትሪጁ የሚያየው 470 ኦም ነው። የራሱ የውስጥ ኢምፒዳንስ 40 ኦም ስለሆነ ከአስር እጥፍ በላይ ነው፣ ደህና ይተነፍሳል። ብዙ ያጎላ ይሻላል ብለው 1 ለ 30 ቢገዙ ግን 47,000 በ900 ተካፍሎ 52 ኦም ይቀራል። ያኔ ካርትሪጁ ይታነቃል፤ ካገኙት ጭማሪ ግማሽ የሚጠጋው እዚያው ይጠፋል። ትራንስፎርመሩን ከማጫወቻው ሞተርና ከአምፖቹ አርቀው ያስቀምጡት። አለዚያ ጉምጉምታ ይለቅማል።

ስለ ቤዙ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ የክንዱን ክብደት (መርፌው ሸክላው ላይ የሚጫንበትን ግራም) አስተካክለዋል? 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም ይበቃዋል፣ ዲኤል-103 ግን 2.5 ይፈልጋል። በድሮው ክብደት እየተጫወተ ከሆነ መርፌው ቦዩን በደንብ አይጨብጥም። ክንዱ ራሱም ቀላል ከሆነ ይህ ካርትሪጅ አይስማማውም። ሌላ ከመንካትዎ በፊት ይህንን ይዩ፤ ምንም አያስወጣም።

ከዚያ በኋላ ወደ ፕሪአምፑና ፓወር አምፑ እንምጣ። የፓወር አምፑ መግቢያ ከፕሪአምፑ መውጫ ቢያንስ አስር እጥፍ እንዲሆን እንፈልጋለን። የእርስዎ አምስት እጥፍ ነው። የድምፁ መጠን ብዙም አይቀንስም፣ ግን የቲዩብ ፕሪአምፕ መውጫ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተር አለ፤ እሱና የፓወር አምፑ መግቢያ አብረው ዝቅተኛውን ድምፅ ይቆርጣሉ። ለምሳሌ 0.47 ማይክሮፋራድ ከሆነ፣ 10,000 ኦም ላይ ከ28 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለው ቤዝ እየተቆረጠ ይሄዳል። መግቢያው 47,000 ኦም ቢሆን ኖሮ ቁርጡ 7 ኸርዝ ላይ ይወርድ ነበር፣ ጆሮ አያውቀውም። ግን ይህ ሲዲውንም እኩል የሚነካ ነገር ነው። ሲዲ ሲከፍቱ ቤዙ ሙሉ ከሆነ ይተዉት።

ሲዲውም ላይ ከቀጠነ፣ በ2.2 ማይክሮፋራድ የፊልም ካፓሲተር መቀየር ቁርጡን ወደ 6 ኸርዝ ያወርደዋል። ሥራውን ግን ለባለሙያ ይስጡት፣ እለምንዎታለሁ። ቲዩብ አምፕ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ይቆያል።