ቢፒው ጥሩ ነው፣ ሰውየውስ? (ከዋርድ የመጡ ጥያቄዎች)

በዚ ዙር የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዋርድ (ታማሚ ተኝቶ ከሚታከምበት ክፍል) ናቸው፣ ገሚሱ ከአስታማሚ ገሚሱ ደሞ ከራሳችን ከባለሙያዎች። እኔም ዋርድ ላይ የኖርኩ ነርስ ስለሆንኩ እንደለመድኩት በቀጥታ ነው ምመልሰው፣ ስም የለም፣ ሆስፒታልም አልጠራም።

«አባቴ የሆድ ኦፕራሲዮን ከተሰራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ማታ ማታ ያለከልካል፣ ነርሷ ግን ቢፒው ጥሩ ነው ብላኝ ሄደች። ዝም ልበል ወይስ ልነዝንዛት?»

ነዝንዛት። ቢፒ (የደም ግፊት) ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው ሚወርደው፣ ውስጥ ለውስጥ ደም እየፈሰሰም ይሁን ኢንፌክሽን እየተሰራጨ መጀመሪያ ሚጨምሩት ትንፋሽና የልብ ምት ናቸው፣ ሰውነት እንደምንም ብሎ ቢፒውን ይዞ ይቆይና ሲለቀው ባንዴ ነው ሚለቀው፣ ያኔ ሁላችንም እንሯሯጣለን።

አሁን ስልክህን አውጣና አባትህ ሳያዩህ (እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይቀይራል) ደረታቸው ላይ ያለው ብርድ ልብስ ከፍ ዝቅ ሲል 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠር። ላዋቂ ሰው ከ12 እስከ 20 ደህና ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው ኒውስ የሚባል ታማሚ እየባሰበት መሆኑን ሚያሳይ የነጥብ አሰጣጥ አለ፣ በሱ ስሌት ትንፋሽ 25 እና ከዛ በላይ ከሆነ ብቻውን 3 ነጥብ ነው፣ 8 እና ከዛ በታችም ያው 3 ነው፣ አዲስ መቀባዠርም እንደዛው። አንዱ ነገር ብቻውን 3 ካመጣ ሐኪም ቶሎ ማየት አለበት፣ ድምሩ 5 ሲሆን አስቸኳይ ነው፣ 7 ከደረሰ ደሞ ሲኒየር (ከፍ ያለ ልምድ ያለው ሐኪም) እስከመጥራት ያደርሳል።

እዚጋ የራሳችንን ጉድ ላውራ። የትኛውንም ቻርት ገልጣችሁ እዩ፣ አልጋ 1 ትንፋሽ 20፣ አልጋ 2 ትንፋሽ 20፣ እያቃሰተ ያለው አልጋ 8ም 20። ማንም አልቆጠረም! ፐልሱን (የልብ ምቱን) ማሽኑ ይነግረናል፣ ትንፋሽን ግን ሰው ቁጭ ብሎ ነው ሚቆጥረው፣ በማታ ተረኛ ደሞ አንዷ ነርስ ስንት አልጋ እንደምትይዝ አስታማሚዎች ታዩታላችሁ። ድካሙ ይገባኛል፣ ግን 20 ብሎ ከመጻፍ ባዶ መተው ይሻላል፣ ባዶ ቦታ ቢያንስ «አልተለካም» ይላል፣ 20 ግን ተረኛውን ሐኪም አረጋግቶ ያስተኛዋል።

ስትጠራት ደሞ «ሲስተር አባቴ ብሶበታል» ብቻ አትበል፣ ይሄን በየአልጋው ነው ምንሰማው። «ማታ 2 ሰዓት ላይ ትንፋሹ 22 ነበር አሁን 30 ሆኗል፣ ከሰዓት ጀምሮ ሽንት አልሸናም፣ እጁ ቀዝቅዟል፣ ስሜን እየሳተ ነው» በላት። እንዲ ተብላ ምትቀመጥ ነርስ አላውቅም። እስክትመጣ ራስ ካላዞራቸው ቀና አርገህ አስደግፋቸው፣ ኦፕራሲዮን ያረገ ሰው ደሞ ድንገት ትንፋሽ አጥሮት ደረቱን ከወጋው ወይ አንድ እግሩ ብቻ ካበጠ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል እሱንም ሳትደብቅ ንገራት።

«አጠገባችን ያለ ታማሚ ሲንዘፈዘፍ አስታማሚው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ስር ያዘለት። ይጠቅማል?»

አይጠቅምም፣ ኦክስጅን ክፍት በሆነበት ክፍል ደሞ ክብሪት መጫር ዋርዱን ማቃጠል ነው! ማንኪያም ጣትም አፉ ውስጥ አይገባም። እንዳይወድቅ ጠብቁት፣ መንዘፍዘፉ ሲያቆም ወደ ጎኑ አዙሩት፣ ሰዓት ያዙ፣ ነርስ አስጠሩ። 5 ደቂቃ ካለፈ በራሱ ይቆማል ተብሎ አይጠበቅም፣ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ ስኳሩም ወዲያው መለካት አለበት። ነፍሰ ጡር ወይ አራስ ከሆነች ግን ቶሎ ኤክላምፕሲያን (ከእርግዝና የደም ግፊት ጋ ሚመጣ መንዘፍዘፍ) አስቡ፣ የሱ መድኃኒት ማግኒዝየም ሰልፌት ነው።

«አዲስ ነርስ ነኝ። ሴፍትሪያክሶን (አንቲባዮቲክ) እየሰጠኋት ታማሚዋ በሽፍታ ተሞላች፣ ድምጿ ተዘጋ፣ ቢፒዋ ወረደ። ሃይድሮኮርቲሶን ሰጠናትና ቆይቶ ተሻላት። ልክ ነበርን?»

መዳኗ ተመስገን ነው፣ አሰጣጡ ግን ልክ አልነበረም የኔ እህት፣ ይሄ ለመድኃኒቱ የመጣ ከባድ አለርጂ ነው። ሃይድሮኮርቲሶን ለመስራት ሰዓታት ይፈልጋል፣ ጉሮሮዋ እየተዘጋ ያለ ሰው ደሞ ሰዓታት የላትም። መጀመሪያ መድኃኒቱን ታቆሚያለሽ፣ ከዛ አድሬናሊን፣ ላዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም ጡንቻ ላይ፣ ጭኗ መሃል በውጪው በኩል። በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የያዘው አምፑል ከሆነ ግማሹ ማለት ነው። በ5 ደቂቃ ካልተሻላት ይደገማል። አስተኝተሽ እግሯን ከፍ አርጊ፣ ትንፋሽ ካስቸገራት ቁጭ ትበል፣ ድንገት ግን እንዳትቆም። ኦክስጅንና ፈሳሽም ይከተላል።

አድሬናሊን ልብ ያቆማል እየተባለ ሚፈራው በደም ስር ባንዴ ሲገፋ ነው፣ ጡንቻ ላይ በዚ መጠን ሲሰጥ የመዘግየቱ ጉዳት ይበልጣል። ሌላው ችግር አምፑሉ ያለበት ቁም ሳጥን ይቆለፍና ቁልፉ ምሳ በወጣችው ኃላፊ ኪስ ውስጥ ይሆናል። ተረኛ ስትገቢ ከሁሉ በፊት ቁልፉ ማ ጋ እንዳለ ጠይቂ።

«አክስቴ ስኳር አለባት። ኢንሱሊን ከተወጋች በኋላ ላብ በላብ ሆና መቀባዠር ጀመረች፣ ቤተሰቡ ጠበል ይረጭባት እያለ ነው።»

ጠበሉን እኔ አልከለክልም፣ ግን አስቀድሞ ጣቷ ይወጋና ስኳሯ ይለካ። ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። ነቅታ መዋጥ ከቻለች ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧት፣ በ15 ደቂቃ ተመልሶ ይለካ፣ ሲስተካከል ምግብ ትብላ። መዋጥ ካቃታት ጠብታም በአፏ እንዳትሰጡ፣ ትታነቃለች፣ ያኔ ነርሷ በደም ስር ነው ግሉኮስ ምትሰጣት። ይሄ ዋርድ ላይ ሚበዛው ኢንሱሊኑ በሰዓቱ እየተሰጠ ምግቡ ሲዘገይ ነው፣ ስለዚ ገና መርፌው ሲመጣ «ዛሬ አልበላችም» በሏቸው።

«ለንደን ነው ያለሁት። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ በየሰዓቱ እየደከመች ነው፣ ሐኪሞቹ ግን ታገሺ ይሉኛል።»

እንግሊዝ ውስጥ ከ2024 ጀምሮ የማርታ ሕግ የሚባል አሰራር መተግበር ጀምሯል። ማርታ ሚልስ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፣ ከብስክሌት ወድቃ ተጎድታ ሆስፒታል ሳለች በሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን ከልክ በላይ ምላሽ ሰጥቶ ራሱን ሲጎዳ) በ2021 አረፈች፣ ወላጆቿ ስጋታቸውን ቢናገሩም በጊዜው ሰሚ አላገኙም ነበር። አሁን አሰራሩ በገባበት ሆስፒታል ታማሚዋ ወይ ቤተሰብ ራሱ ደውሎ ሌላ የጽኑ ሕሙማን ቡድን መጥቶ እንዲያይ መጠየቅ ይችላል፣ በማንኛውም ሰዓት። ቁጥሩን ዋርዱ ግድግዳ ላይ ፈልጊው፣ ካጣሽው የዋርዱን ነርስ «ማርታስ ሩል» ብለሽ ጠይቂያት፣ ያስቀይማቸዋል ብለሽ አትፈሪ። እናትሽ እንግሊዝኛ ካልቻሉ አስተርጓሚ እንዲመጣ አሁኑኑ ጠይቂ፣ አንቺ በድንጋጤ እያስተረጎምሽ እሳቸው «ደህና ነኝ ልጄ፣ አታስቸግሪያቸው» ካሉሽ ሐኪሙ ጋ ሚደርሰው «ደህና ነኝ» ብቻ ነው።