ስለ ኑዛዜ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። የጥብቅና ሥራ ላይ ስለሆንኩ ስለ ኑዛዜና ውርስ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብያችሁ ነበር። ጎረፈ! የሚመሳሰሉትን ጨፍልቄ እመልሳለሁ። መነሻዬ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ውርስ ዛሬም የሚዳኘው በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ኑዛዜ እንጻፍ ስለው «ምን አስቸኮለሽ፣ ያለን ሁሉ ላንቺ አይደል?» ይለኛል። ልጅ የለንም። እውነቱን ነው?

አይደለም እህቴ። በሕጋችን ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይደነግጣል፣ ግን እንደዚያው ነው። አንቺ የምትወስጂው ከጋራ ንብረታችሁ ግማሹን ነው፤ እሱም ውርስ ሳይሆን የራስሽ ድርሻ ነው። የእሱ ግማሽ ልጅ ቢኖር ለልጅ ይሄድ ነበር። ልጅ ስለሌለ ለእናትና አባቱ ይሄዳል። እነሱ ቀድመው ካለፉ ደግሞ ለእህት ወንድሞቹ። ከጋብቻ በፊት የገዛው የግል ቤት ካለማ ከነጭራሹ ድርሻ የለሽም። ለቀስተኛው ሳይበተን «ቤቱ ይሸጥና እንካፈል» የሚል አማች ሲመጣ ብዙ አይቻለሁ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ሕጉ የሰጣቸውን ነው የጠየቁት። ባልሽ እውነት ሁሉም ላንቺ እንዲሆን ከፈለገ ይጻፈው። ልጅ ስለሌለው የሚያግደው የለም።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በአንድ ወረቀት ብንናዘዝስ?

ፈራሽ ነው። ለየብቻ፣ በሁለት ወረቀት።

ጥያቄ፦ ኑዛዜዬን በኮምፒውተር አስጽፌ አራት ምስክሮች ፈርመውልኛል። የቀረ ነገር አለ?

ሲነበብ አብረው ነበሩ? ከሁሉ በላይ ኑዛዜ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ሰው የሚጨነቀው ቤቱን ለማን ልስጥ ብሎ ነው፣ ፍርድ ቤት ግን መጀመሪያ የሚያየው ፎርሙን ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ (እንደ እርስዎ በምስክሮች ፊት የሚፈረመው) በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ ደግሞ ሰነዱ ላይ መጻፍ አለባቸው። እንዲህ የሚል መስመር መጨረሻው ላይ ይፈልጉ፦ «ይህ ኑዛዜ በእኔ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ ፈቃዴ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ፤ እኛም ምስክሮች ሲነበብ ሰምተን ወዲያውኑ ፈርመናል።» ይህ መስመር ከሌለ አራቱ ፊርማ ብቻውን አያድንዎትም። ወረቀቱን ይዞ ቤት ለቤት እየዞሩ ማስፈረምም እንደዚሁ ጣጣ ነው። ምስክሮቹ ለአካለ መጠን የደረሱና የተነበበውን የሚረዱ ይሁኑ። ኑዛዜው ላይ የሚጠቀም ሰውም በምስክርነት ባይቆም ይሻላል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ለዚህ ነው ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ጨርሱት የምለው።

ጥያቄ፦ ከ9 ዓመት በፊት በእጄ የጻፍኩት ኑዛዜ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት አለ።

እንደገና ይጻፉት አባቴ። በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም። አዲሱን ሙሉ በሙሉ በራስዎ እጅ ይጻፉ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይግለጹ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያስገቡ። ከዚያ ሳጥን ውስጥ አያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ አባታችን ሆስፒታል ተኝቶ ሁለት ጎረቤት ባለበት «ቤቱን ለትንሿ ሰጥቻለሁ» ብሎ አረፈ። ይጸናል?

ነፍስ ይማር። ለቤት አይጸናም። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ስለ ቀብር ለማዘዝ፣ ለትንንሽ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ለመሰየም፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ ነው። በ500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፤ ሕጉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ያው ነው። ሁላችሁም ወራሾች ከተስማማችሁ የአባታችሁን ቃል አክብራችሁ ቤቱን ለእሷ መልቀቅ ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ አንዱ ልጄ አስመርሮኛል። ስሙን ሳልጠቅስ ሁሉን ለሌሎቹ ብሰጥስ?

ዝም ብሎ መተው ልጅን ከውርስ አይነቅልም። መንቀል ከፈለጉ በግልጽ፣ ከነምክንያቱ መጻፍ አለብዎት። ምክንያቱ ከውርስ የሚያስነቅል መሆን አለመሆኑን ፍርድ ቤት ይመዝናል፤ «አይደውልልኝም» አይበቃም። ሳይነቅሉ ማበላለጥ ይቻላል፣ ግን ልክ አለው፦ ድርሻው ከሩብ በላይ የተጎዳ ልጅ ሊከስ ይችላል። ለምሳሌ 9 ሚሊዮን ብር ለሦስት ልጅ ቢሆን የእያንዳንዱ 3 ሚሊዮን ነው፤ ከ2 ሚሊዮን 250 ሺህ በታች የደረሰው ልጅ አቤት ይላል። እኔን ከጠየቁኝ መጀመሪያ ሽማግሌ ይላኩ።

ጥያቄ፦ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅስ?

ከሌሎቹ ጋር እኩል ይወርሳል።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ላለው ቤቴ ለወንድሜ በኤምባሲ ሙሉ ውክልና ሰጥቻለሁ። ብሞት እሱ ለልጆቼ ያካፍልልኛል ብዬ ነው።

ውክልና ኑዛዜ አይደለም ወንድሜ። ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ልጆችህ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት አለባቸው። ወንድምህ ሞትህን እያወቀ በዚያ ወረቀት ቢሸጥ ከልጆችህ ጋር ክስ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ኑዛዜ ጻፍ፣ የውርስ አጣሪም (ንብረቱን አጣርቶ ለወራሾች የሚያከፋፍል ሰው) ሰይምበት፤ ወንድምህን ልታደርገው ትችላለህ። ልጆችህ የአሜሪካ ዜጎች ከሆኑ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አውጣላቸው። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው የሚለውን ክልከላ ለእነሱ አንስቷል።

ጥያቄ፦ የሕይወት ኢንሹራንስና ጡረታስ በኑዛዜ ይሰጣል?

ተጠቃሚው በስም የተጻፈበት ኢንሹራንስ ውርስ ውስጥ አይገባም። ጡረታም ሕጉ ለዘረዘራቸው ተተኪዎች ነው የሚሄደው። ስለዚህ ኑዛዜ ስትጽፉ የኢንሹራንስ ፎርማችሁንም አውጥታችሁ እዩት። ሥራ ሲጀምር ወንደላጤ ሆኖ የወንድሙን ስም የሞላ፣ ዛሬ ሦስት ልጅ ያለው ሰው ሞልቷል። ኩባንያው የሚከፍለው ፎርሙ ላይ ላለው ስም ነው።