«ተበድዬ ሳለሁ ተጠርጣሪዋ እኔ ሆንኩ»

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አነስተኛ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ከከፈትኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ለሰባት ዓመት በዱቤ እሰጣት የነበረች፣ ልጆቿ ከልጆቼ ጋር ያደጉ አንዲት ደንበኛዬ ባለፈው ዓመት ቤቷን ዘግታ ከከተማው ስትወጣ ደብተሬ ላይ 8,400 ብር የዱቤ ሂሳብ ነበረባት። ከዚያ በተጨማሪ «ልጄ ታሞብኛል» ብላ ስታለቅስብኝ ያለ ምንም ወረቀት በእጇ የቆጠርኩላት 10,000 ብር አለ። ስልኳ አይሠራም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዱቤ አቁሜአለሁ፤ የሚሰጠኝን ብር ሁሉ ወደ ብርሃን አንሥቼ አያለሁ፤ አብራኝ የምትሠራውን የእኅቴን ልጅ እንኳ ማታ ማታ ፊት ለፊቷ ሂሳቡን ሁለት ጊዜ እቆጥርባታለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ዳግመኛ ላለመታለል ነው። አሁን ግን ሰፈሩ ፊቱን አዞረብኝ። ሥራ ስትሄድ የቤቷን ቁልፍ ለዐሥር ዓመት ሱቄ ስታስቀምጥ የኖረች ጎረቤቴ ቁልፉን ለሌላ ሰው መስጠት ጀምራለች። ተበድዬ ሳለሁ ተጠርጣሪዋ እኔ የሆንኩት ስለምንድን ነው? «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» ያሉት አባቶቻችን ልክ አልነበሩም ወይ?

መልስ፦ የደረሰብዎ በደል ቀላል አይደለም። 18,400 ብር ከትንሽ ሱቅ ሲወጣ መደርደሪያው ላይ ይታወቃል፤ የልጆች ጓደኝነት አብሮ መቆረጡ ደግሞ በብር የሚተመን አይደለም። ስለዚህ «ይርሱት» አልልዎትም።

የጠቀሱትን ተረት ግን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ሰው የሚታመነው ከተቀበረ በኋላ ነው ከተባለ፣ ቀባሪው ማን ነው? እርስዎም እንደ አብዛኛው ጎረቤትዎ እድር ይኖርዎታል። መዋጮውን የሚከፍሉት፣ ቆጥረው መረከብና ጠይቀው ማረጋገጥ በማይችሉበት ቀን ጎረቤቶችዎ ድንኳን እንደሚተክሉና ልጆችዎን እንደሚያጽናኑ አምነው ነው። በሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉ ሐረሪዎችም «አፎቻ» በሚሉት የእነርሱ እድር የሚተማመኑት በዚሁ ነገር ነው። ከዚህ የበለጠ እምነት የለም፤ ደንበኛዎ ከከዳችዎ በኋላም ቢሆን የእድሩን መዋጮ አላቋረጡም ብዬ እገምታለሁ። እንግዲያው በሰው ላይ ያለዎት እምነት ከነሥሩ አልተነቀለም፤ የተነቀለው በሱቁ መስኮት በኩል ያለው ነው።

ከተማችንም በዚህ ረገድ ከሌላው ትለያለች። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ዐረብና ግሪክ ሁሉ፣ የአያቱን ስም የሚያውቅለት ሰው በሌለበት ቦታ ተገናኝቶ ነው ጎረቤት የሆነው። «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ዋስትና ማግኘት በማይቻልበት አገር ሰው የሚተማመነው አብሮ በመዋልና በማደር፣ በዱቤ ደብተር፣ በእቁብ፣ ቁልፍ አደራ በመተው ነው። ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም «አንተ»፣ «አንቺ» የሚባባለው ንቀት ኖሮበት ሳይሆን ይህ መቀራረብ ቃል ሆኖ ስለወጣ ይመስለኛል። እንዲህ በተቀራረበ ሰፈር ውስጥ የጥርጣሬ ዓይን ጠልቆ ያቆስላል።

እንዴት እንደሚያቆስል ከዚራ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ተራ ስጠብቅ አይቻለሁ። ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ እናቱ የሰጠችውን የ200 ብር ኖት ይዞ ስኳርና ሳሙና ሊገዛ መጣ። ባለሱቁ ኖቱን ወደ አምፖሉ አነሣው፣ በአውራ ጣቱ አሸው፣ ገለበጠው፤ ከዚያ ልጁን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። ልጁ ምንም ሳይበድል ፌስታሉን ከኋላው ደበቀ። ብሩ ደኅና ነበር፤ ባለሱቁም መልሱን ሳያጎድል ሰጠው። ልጁ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ መልሱን አንድ በአንድ ሲቆጥር አየሁት፤ ቆጥሮ እንደገና ቆጠረ። ጎረቤትዎ ቁልፏን ከእርስዎ ዘንድ ያነሣችውም በዚሁ መንገድ ይመስለኛል። የሰረቁ መስሏት አይደለም፤ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ሌባ የሚፈልግ ዓይን ሲያርፍባት የእርሷንም ቤት በዚያው ዓይን የሚያዩባት መስሏት ነው።

«ታዲያ ዝም ብዬ ልታለል?» ይሉኝ ይሆናል። አይደለም። እቁብን ያስቡ። እጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው የሌላውን ገንዘብ ይዞ የሚሄድ ስለሆነ ጠንካራ ዋስ ይጠራል፤ መጨረሻ የሚደርሰው ግን ሁሉም ባለዕዳው ስለሆነ ዋስ አያስፈልገውም። ዋስ አምጣ የተባለ የእቁብ አባል «ሌባ አሉኝ» ብሎ አይቀየምም፤ ደንቡን እጣ ከመውጣቱ በፊት ያውቀዋል፣ ለዳኛውም ለጸሐፊውም እኩል ይሠራል። ለሁሉም እኩል የተነገረ ጥንቃቄ አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው ሳይነገር በዓይንና በእጅ የሚገለጸው ነው። እርስዎ የተጎዱት ቀድሞ ምንም ደንብ ስላልነበረዎት ነው፤ አሁን ደግሞ በደንቡ ቦታ ጥርጣሬውን ተከሉት።

ሕጉም ቢሆን ሰውን በስሜት እንድናምን አይጠብቅብንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተከሳሹ ፍርድ ቤት በሚሰጠው የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። እንግዲህ በእጇ የቆጠሩላት 10,000 ብር፣ ሴትየዋ ብትገኝ እንኳ፣ በምስክር ብዛት ብቻ የሚመለስ አይደለም፤ ይህን ስነግርዎ አዝናለሁ። ዋስትናንም በተመለከተ፣ ያው ሕግ ዋሱ የሚገባበት የገንዘብ ልክ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። የሚያምኑትን ሰው እስከ ስንት ብር እንደሚያምኑት መናገር ነውር ቢሆን ኖሮ ሕግ አውጪው ባላዘዘው ነበር።

ስለዚህ ዱቤውን ይክፈቱት፣ ግን ልክ ያብጁለት። ከዚህን ያህል ብር በላይ ለማንም እንደማይሰጡ፣ ደመወዝ በሚገባበት ሰሞን ሂሳቡ ካልተዘጋ አዲስ ዱቤ እንደማይኖር በጉልህ ጽፈው መስኮቱ ላይ ይለጥፉ፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም ይሁን። ደብተሩ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከእርስዎ ዘንድ፣ አንዱ ከደንበኛው ዘንድ፣ ዕቃ በተወሰደ ቁጥር ሁለቱም ላይ ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ከ100 ብር ጀምሮ ያለውን ኖት መመርመር ካለብዎ ከሁሉም ሰው ተቀብለው ይመርምሩ፤ ዓይንዎ ግን ኖቱ ላይ ብቻ ይሁን።

የእኅትዎ ልጅ ነገር ከሁሉ ያሳስበኛል። አዋቂ ደንበኛ ቢከፋው ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ እርሷ ግን የትም አትሄድም፣ በየማታው ተቀምጣ ሂሳቡ ሲቆጠርባት ታያለች። ከዛሬ ማታ ጀምረው «እቆጥርብሻለሁ» የሚለውን «እንቁጠር» ያድርጉት። እርሷ ትቁጠር፣ እርስዎ ይጻፉ፤ በነጋው ደግሞ ይለዋወጡ። ገንዘብ ቢጎድል ከሁለታችሁ ይጎድላል፤ ያን ጊዜ አብራችሁ ትፈልጉታላችሁ። ለእስከ ዛሬውም አፍ አውጥተው ይቅርታ ይጠይቋት።

ወደ ጎረቤትዎ ሲመጡ ደግሞ ቁልፉን ለምን እንዳነሣችው አይጠይቋት፤ ቢጠይቋት «ለሥራዬ እንዲመቸኝ ነው» ትልዎታለች፣ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ዕቃ ሊያመጡ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው ቀፊራ ገበያ በሚወርዱበት ቀን፣ እርሷም ቤት በምትውልበት ቀን፣ ሱቁን ቆልፈው በሯን ያንኳኩ። ቁልፉን በእጇ ላይ ያስቀምጡና «እስክመለስ ያዢልኝ» ይበሏት።